መልሱ ሲመጣ የሚከፈል

ባለፈው ሳምንት አምቦ ውስጥ ለነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ጥሩ ልጅ ነው፤ ጫማው ግን እህል በረንዳ ረግጦ የሚያውቅ አይመስልም። ሰሌዳው ላይ «መልእክት ሳይውል ሳያድር ይድረስ» ብሎ ጻፈና፣ «ማንም ያልሞከረውን ሥራ የሞከረ አለ?» ሲል ጠየቀ። አጠገቤ ያለችው የበርበሬ ነጋዴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ታውቃለች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

መስመሩ ተዘግቶ፣ በባኮ መንገድ ከእጃጂ ወዲያ ስልክ ጭጭ ያለበት ጊዜ ነበር። አምቦ ላይ ይሠራል፤ ባኮ ላይ ግን ስልክ ማለት የእጅ ባትሪ ነው። እኔ ያኔ በማኅበር ተደራጁ ከሚባሉት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ፤ በቆሎ ከባኮ እያመጣሁ አምቦ እሸጣለሁ። ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ስለማይቻል የምገዛው በግምት ነበር፤ ግምቴም ደህና አድርጎ አከሰረኝ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ባኮ ላለው ባሏ የምትለውን ስልኬ ላይ ቀድታ ሰጠችኝ። አደረስኩ፤ መልሱንም ቀድቼ አመጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ቤቴ በር ላይ ሰው ይሰለፍ ጀመር።

የባኮ ሰው መናኸሪያው ጥግ፣ ሸንኮራ ሻጮቹ አጠገብ ሆኖ ስልኬ ላይ ይናገራል። አምቦ ስደርስ ለሚፈልገው ሰው በኢንተርኔት እልክለታለሁ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መልሱን በጆሮ ማዳመጫ አሰማዋለሁ። የሚከፍለኝ መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ሞኝ አሉኝ። ግን በዚያ ወቅት ቀድሞ ገንዘብ የሚቀበልን ወጣት ማን ያምናል? የከበደኝ ሰዉ አጠር አድርጎ እንዲናገር ማድረግ ነበር፤ የከብቱንና የጎረቤቱን ደህንነት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የሚገባ የለም፤ ሰላምታው ብቻ ባትሪዬን ይጨርሰዋል።

ኦቦ ቶለራ የባኮ ገበሬና ቋሚ ደንበኛዬ ነበሩ። ልጃቸው ገመቹ አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ የገመቹ አጎት ኦቦ ፉፋ አምቦ መናኸሪያ መጥተው ከሚኒባሱ አስወረዱኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጁ ከፎቅ ወድቆ ሞተ» አሉኝ። «አስከሬኑን ይዘን እጃጂ እናድራለን፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ባኮ እንገባለን። አንተ ለጎረቤቶቹ ንገር፤ ይዘጋጁ።»

«ኦቦ ቶለራ እኮ መናኸሪያ ነው የሚጠብቁኝ። መልስ ይጠይቁኛል።»

«መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ገበያ መሀል ብቻውን እንዲወድቅ ነው? ፊትህን አስተካክል።»

«ዛሬ ብቀርስ?»

«ብትቀር ለጎረቤት ማን ይነግራል? ስልክ አለ?»

ወደ ባኮ ሲወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። እኔ አላወለቅኩም። እንደደረስኩ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነገርኩና ወደ መናኸሪያው ተመለስኩ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማኮ?» አሉኝ ኦቦ ቶለራ። ወጣቱን ሁሉ «ልጄ» ነው የሚሉት። «የገመቹ ድምፅስ?»

«ያለፈውን ልኬለታለሁ፤ መልስ አልመጣም» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ያ ነው የባሰው።

ሸንኮራ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። አኘክሁት፤ አፌ ውስጥ እንጨት ብቻ ነበር።

«በል ቅዳኝ።»

እንቢ ብል ይገባቸዋል። ስልኩን አቀረብኩላቸው።

«ገመቹ፣ አንተ ሰነፍ። በቆሎውን ምስጥ እየበላው ነው፤ አባትህ ብቻውን ይፈለፍላል። ከተማ ሰው አደረገው ይሉኛል፤ ሰው የሆነ እናቱን ይረሳል? በዚህ ሳምንት ካልመጣህ ጭራሽ እንዳትመጣ።» ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን ሲሰማ ይደነግጣል። ቶሎ ይመጣል።»

እዚያው ባኮ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በራቸውን አንኳኩ፤ እኔ ከሰዉ ኋላ ቆምኩ። ኦቦ ቶለራ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወጡ፤ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፤ ማንም አፉን ሳይከፍት አወቁ። ከዚያ ከሰዉ መሀል እኔን ፈልገው አዩኝ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መናኸሪያ መጡ።

«ያ ነገር አለ?»

«አለ፣ አባ።»

«አጥፋውና እንደገና ቅዳኝ።»

አጠፋሁት። ስልኩን ሰጥቻቸው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ረጅም ሰዓት ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ ከፍቼ አልሰማሁም። ሲጨርሱ ስልኩን ከነገንዘቡ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። መልሱ ሲመጣ ነው የሚከፈለው ማለት አቃተኝ። ተቀበልኩ።

መስመሩ ሲከፈት ሥራው ሞተ፤ አልቆጨኝም። ዛሬ ገበሬው ራሱ ይደውልልኛል። ጎህ ሳይቀድ የሚጮህን ስልክ ግን ብቻዬን አላነሳም። ሚስቴን እቀሰቅሳታለሁ፤ ተነስታ አጠገቤ ስትቀመጥ ነው «ሃሎ» የምለው። አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ዋጋ ነው። እሷ ረግማኝ ተመልሳ ትተኛለች፤ ጭነቱም እስከዚያ ለሌላ ሰው ተሽጦ ይጠብቀኛል። ይህን ለአሠልጣኙ ብነግረው ጊዜ ማባከን እንደሚለው አውቃለሁ። ይበለው።