ልመናዬ መድረክ ላይ ሲዘፈን

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ መስቀል አልፎ የእንጅባራ ውርጭ ማስቸገር ሲጀምር ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ዘፈኑ ስላልቆመ ነው። ዳንግላ ውስጥ በልብስ ስፌት ነው የምተዳደረው። ሥራዬ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ አንዱ ባጃጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያስጮኸው ያልፋል። ያን ጊዜ እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን ነው። ቃሉ ግን ከእኔ አፍ የወጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጓደኛዬ ስለ ፋሲካ ልንገራችሁ። ከጥሊሊ አካባቢ ገጠር ወጥቼ እንጅባራ ስማር ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከየቤታችን ያመጣነውን ስንቅ አንድ ላይ እንበላለን፣ ብርድ ሲበረታ አንድ ብርድ ልብስ ደርበን እንተኛለን። ፋሲካ ያኔም ሙዚቃዊ ድራማ ነፍሷ ነበር። የኪነት ቡድን መጣ ሲባል እኔን እየጎተተች ትወስደኛለች። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ትዘፍናለች። «ተራ ድራማ አይተሽው ትረሽዋለሽ፤ የተዘፈነ ነገር ግን ቤትሽ ድረስ ተከትሎሽ ይገባል» ትለኝ ነበር። ውላ አድራ አስተማሪ ሆነች፣ የወጣቶች የኪነት ክበብም አቋቋመች። እኔም ስፌት ተማርኩ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ክፉ ቀን አሳልፌያለሁ። ልጅነቴን ሳልጨርስ ሠርግ ተደግሶልኝ ነበር። አባቴ ትልቅ ዳስ ጥሎ፣ ዘመድ አዝማድ ጠርቶ፣ ሙሽራውን የሚቀበሉ ፈረሰኞች እስከ መንገዱ ልኮ ይጠብቃል። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ፈረሰኞቹ ብቻቸውን ተመለሱ።

ከነቬሎዬ በጓሮ በር ወጥቼ ቀርከሃው ውስጥ ገባሁና ለሙሽራው ስልክ ደወልኩ። «አልመጣም፣ ተይኝ» አለኝ። እኔ ግን ለመንኩት። «ባትወደኝም ግድ የለም። ለዛሬ ብቻ ና። አባቴ በሰው ፊት እንዳያፍር ከጎኔ ዋልልኝ፤ ነገ ትሄዳለህ» አልኩት። ዘጋብኝ።

ፊቴን ጠርጌ ገባሁና ለአባቴ «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ደውዬ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ» አልኩት። አባቴ ዳሱ መሀል ቆሞ፣ «ልጄ አልወደደችውም። የልጄን ልብ አላስገድድም። ብሉ፣ ጠጡ» ብሎ ተናገረ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። አባቴም ከዚያ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የኖረው። መለመኔን የነገርኩት እንጅባራ አብረን ስንኖር ለፋሲካ ብቻ ነበር። ስነግራት አብራኝ አለቀሰች።

ዓመታት አለፉ። እኔም ሌላ ሰው አግብቼ ዳንግላ ኑሮዬን መሠረትኩ። ከዚያ መስቀል በፊት በነበረው ክረምት ፋሲካ ስፌት ቤቴ መጣች። ክበቧ ሙዚቃዊ ድራማ ሊያሳይ ነው፤ ልብሱን እንድሰፋላት ፈለገች።

«ስለምንድን ነው?» አልኳት።

«ስለ ሠርግ ነው። ያስቃል፣ ያስጨፍራል። ሌላውን መጥተሽ ታዪዋለሽ፤ ከነገርኩሽ አይጥምሽም።»

ደስ ብሎኝ ሰፋሁ። የሙሽራዋ ልብስ ላይ ስንደርስ፣ «የአንቺ እጅጌው እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እጅጌ ስለጠየቀችኝ ምን እጠረጥራለሁ? ነገርኳት፣ እንደዚያው አድርጌ ሰፋሁላት።

ድራማው እንጅባራ የሚታይበት እሑድ ደረሰ። አባቴ የእጄን ሥራ እንዲያይልኝ ስለፈለግኩ ጥሊሊ ሄጄ በሚኒባስ ይዤው መጣሁ። በዕድሜው ቲያትር አይቶ አያውቅም። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጀመሪያ ላይ ፈረሰኞች ሲጨፍሩ፣ ሴቶች ሽሮ ሲያማስሉ እየተሰዳደቡ ሲዘፍኑ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ሳይቀር ሳቀ። «ይህንንም አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» እያለ በየልብሱ ይጠይቀኛል። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ መብራቱ ቀነሰ። መድረኩ ላይ ቀርከሃ ተተክሏል። ሙሽራዋ እኔ የሰፋሁትን ልብስ ለብሳ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ገባች። መሰንቆው ቀስ ብሎ ጀመረ፤ እሷም ዘፈነች።

«ለዛሬ ብቻ ና፣ ትልቅ ዳስ ተጥሏል፤
አባቴ እንዳያፍር፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤
ባትወደኝ ግድ የለም፣ ነገ ትሄዳለህ፤
ለዛሬ ብቻ ና፣ ከጎኔ ትውላለህ።»

መጀመሪያ ጆሮዬ የሰማውን አላመንኩም። ቀጥሎ የራሴ ቃል መሆኑን አወቅሁ። ከአዳራሹ አንድም ሳል አይሰማም። በግራዬ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ትንሰቀሰቃለች። «የእኔን ነው የምትዘፍነው፤ እኔም እኮ እንዲህ ብያለሁ» አለችኝ ወደ እኔ ዘንበል ብላ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ «ይደገም! ይደገም!» አለ። ልጅቷ እንደገና ዘፈነችው። ሁለተኛው ላይ ሰው ዜማውን ለምዶት አብሮ ይል ጀመር። ያን ቀን ቀርከሃ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ በሹክሹክታ የተናገርኩትን አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ዘፈነው።

አባቴን ለማየት ፈራሁ። እሱ ግን ዞሮ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአዊኛ፣ «ለምነሽው ነበር?» አለኝ።

«አባባ፣ ይነሱ እንሂድ» አልኩት። ክንዴን ያዘኝ።

«አሁን ብንነሳ ሰው ያውቃል። ተቀመጪ።»

እስኪያልቅ ተቀመጥን። ሌላ ምን እንደታየ አላስታውስም። መጨረሻ ላይ ፋሲካ መድረክ ላይ ወጥታ ተዋንያኑን አመሰገነች። ቀጥላ «ይህን ሁሉ ልብስ የሰፋችው የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ትውጣልኝ» ብላ እኔን ጠራችኝ። ባልወጣ ሰው ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ወጣሁ። ሰው አጨበጨበልኝ። እሷ አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ፣ «ወደድሽው?» አለችኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ ወስጄ አቆምኳት።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ስምሽን መች ጠራሁ? አገሩን ቀይሬዋለሁ፣ ሁሉን ቀይሬዋለሁ።»

«ቃሌን ግን አልቀየርሽውም።»

«ቃሉን ብቀይረው ማን ያለቅስ ነበር?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ደስታም ነበረበት። «ሰው ለምን እንደዚህ እንደወደደው ታውቂያለሽ? ሁሉም አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ለምኖ፣ ለማንም ያልተናገረው ነገር ስላለው ነው። አንቺ የተናገርሽውን እኔ ልፈጥረው አልችልም ነበር።»

«አባቴ እኮ አጠገቤ ነበር።»

ደነገጠች። እሱን ይዤ እንደምመጣ አላወቀችም። «ለምን ሳትጠይቂኝ?» አልኳት።

«ብጠይቅሽ እሺ አትዪኝም ነበር» አለች።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ቃሏ አይረሳኝም። እንደማልፈቅድ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው ሳትጠይቀኝ የቀረችው። ትቻት ወደ አባቴ ሄድኩ።

ወደ ጥሊሊ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ዘፈኑን ይዘፍኑ ነበር። ወርደን ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ አባቴ ቆመ።

«እኔ እንዳላፍር ብለሽ ነው የለመንሽው?»

«አዎ አባባ።»

«ያ ሰው በመቅረቱ አላፍርም ነበር። አንቺ ቀርከሃ ውስጥ ቆመሽ ስታለቅሺ እኔ ዳስ ውስጥ ቆሜ መኩራራቴ ነው ያሳፈረኝ» አለ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ደግሞ፣ «ለባዳ የነገርሽውን እኔን ደበቅሽኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም። ግን ጎረቤት ሲመጣ እንደ ድሮው «ልጄ እኮ እምቢ ያለች ናት» ብሎ አይጫወትም። ያ ወሬ የሚወደው ወሬው ነበር።

ለባለቤቴ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ በማግስቱ እኔው ነገርኩት። አቀፈኝና፣ «እኔ ብሆን እየሮጥኩ እመጣልሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ዘፈኑን አይከፍትም።

ፋሲካ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። ዳንግላ ድረስ ሽማግሌ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹን አክብሬ አስገባሁ፣ ምሳ አቀረብኩ፤ ለእሷም ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት። ከአንገት በላይ እንደሆነ እሷም ገብቷታል። ድራማው ግን በየከተማው እየዞረ ይታያል፤ ዘፈኑም ተቀድቶ በየስልኩ ገብቷል። የምሰፋላቸው ሴቶች ዘፈኑን ለምን እንደሚወዱት ይነግሩኛል። አንዷ ወደ ዓረብ አገር የሄደ እጮኛዋን ያስታውሳታል፤ ሌላዋ እናቷን። ውሸታቸውን አይደለም። እኔም የሌላ ሰው ታሪክ መስሎኝ ብሰማው ኖሮ ከሁሉም በላይ ባለቀስኩ።

አሁን ሳስበው ሠርጌን ጥሎ የቀረውን ሰው አልቀየመውም። በወጉ ሳያውቀኝ ነው የተወኝ። ፋሲካ ግን የት ቦታ እንደሚያመኝ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ዛሬ ደስ የሚልም የሚከፋም ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት፤ ልደውልላት ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።