ከእኛ ጋር የታሰረው አፈር

የተያዝኩት ዲንሾ ኬላ ላይ ነው። በአንድ እጄ የዩሪያ ማዳበሪያ፣ በሌላው አፈር የተሞሉ አሥራ ሁለት ላስቲኮች ይዤ ከሚኒባስ ወረድኩ። ፈታሹ ከየት እንደምመጣ ጠየቀኝ። «ከጫካ» አልኩት። ማዳበሪያውስ? «ለጫካው ነው።» ጊዜው ጫካ የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ግራ ቀኙን የሚያይበት ነበር፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ትምህርቴን እንጂ ብልሃቴን ይዤ አልወጣሁም።

«ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ሲንከራተት አንተ ጫካ ትቀልባለህ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር።

ሮቤ ውስጥ አንድ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሽታው የረጠበ ካልሲ። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። በእስር ቤት ወግ አዲስ ገቢ ለክፍሉ አለቃ፣ ለካቦው፣ ቆሞ ክሱን ይናገራል። ካቦው ነጭ ጺም ያላቸው የገሰራ ገበሬ ነበሩ። የማያውቁትን እንግዳ አሳድረዋል ተብለው ነው የገቡት።

«ክስህ ምንድን ነው፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ለጫካ ማዳበሪያ ሰጥተሃል ተብዬ ነው፣ አባቴ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ሰጥተሃል እንዴ?»

«ሰጥቻለሁ።»

ከጥግ አንዱ፣ «እኛ ሁላችንም ባላደረግነው ነው የታሰርነው፤ ያደረገ ሰው ገና ዛሬ ገባ!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ከእርሻ ማዳበሪያ የሚነሳው ናይትሮጅን በነፋስና በዝናብ ጫካው ላይ እንደሚያርፍ፣ እኛ ተመራማሪዎቹም በትንሽ ቦታ ሆን ብለን እየጨመርን፣ ካልጨመርንበት ቦታ ጋር እያነጻጸርን ሦስት ዓመት መከታተላችንን አስረዳኋቸው። ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ከቅጠሉ ጋር ይረግፋል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይበሉታል። ከፊሉ በትንፋሻቸው ወደ አየር ይመለሳል፤ ከፊሉ አፈር ውስጥ ይቀራል። ማዳበሪያ ሲበዛባቸው አበላላቸው ይለወጥ እንደሆነ ነው ጥያቄያችን።

«የእኔም ማሳ ማዳበሪያ ለምዶ ሰንፏል» አሉ ሽማግሌው። «እነዚህ በላስቲክ ያመጣሃቸው አሁን በሕይወት አሉ?»

«ካልደረቁና ካልሞቃቸው አሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ መጸዳጃ ስንወጣ ላስቲኮቼን አየኋቸው። የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ግቢው መሃል ሸራ ዘርግቶ አፈሬን ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። የገብስ አገር ልጅ ነው፤ እያንዳንዱን ክምር ከነምልክቱ ለይቶ፣ በመዳፉ እያገላበጠ ነበር። ስድስት ላስቲክ አልቆ ሰባተኛውን ሊፈታ ነው።

«ተው! ትገድላቸዋለህ!» ብዬ ጮህኩ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እንዲህ ተብሎ አይጮህም።

ሃምሳ አለቃው ከልቡ ተቀየመ። «ረጥቦ ነበር፤ እንዳይሻግትብህ ብዬ እኮ ነው! ኤግዚቢት ተበላሸ ተብሎ እኔ ልጠየቅ?»

ሽማግሌው በኦሮምኛ ለስለስ አድርገው አግባቡት። ቀዝቃዛ ቦታ ካስፈለገ በጣቢያው ከእኛ ክፍል የሚቀዘቅዝ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ስድስቱን ላስቲኮች ከእኛ ጋር አሰራቸው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ቆጠራ «አሥራ አንድ ሰው፣ ስድስት አፈር» እያለ ይመዘግብ ነበር። ካቦውም ለአፈሩ ከበሩ ሥር፣ ንፋስ የሚገባበትን ቦታ ሰጡት። እኔ ያ ቦታ እስኪደርሰኝ ስምንት ሰው ይቀድመኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ግን ቆርቆሮው ጋለ። ውሃም አልመጣም።

«ምን ቢደረግ ይሻላል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀለሉ ይቀዘቅዙ ነበር።»

ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ የውዱእ መታጠቢያ ብለው ያስቀሩትን አንድ ጆግ ውሃ አዩት። ከዚያ ፎጣቸውን ነከሩበት።

«አባቴ፣ ሰላትዎስ?»

«ሕያው ነገር እየተጠማ እኔ እጄን አልታጠብም። ዲናችን ለዚህም መላ አለው፤ ውሃ ሲጠፋ በንጹሕ አፈር ነው።» በሩን አንኳኩ። «ሃምሳ አለቃ፣ ያ ያሰጣኸው ደርቋል?»

«በደንብ ነዋ፣ አባባ!» አለ በኩራት።

«ማዳበሪያ ያልነካውን አምጣልኝ።»

በጋዜጣ ላይ አድርጎ አቀበላቸው። መዳፋቸውን አሳርፈው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። የሦስት ዓመት ድካሜ ጺማቸው ላይ ቀረ። በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ።

በአምስተኛው ቀን «ውጣ» ተባልኩ። አፈሩስ? «ስለ እሱ የመጣ ትእዛዝ የለም።» የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያለ አፈሬ አልወጣም አልኩ። ሃምሳ አለቃው ሁለት ሰዓት ለምኖኝ፣ ስድስቱን ላስቲክ አስታቅፎ አስወጣኝ።

ሽማግሌው ከወራት በኋላ ሲፈቱ ገሰራ ድረስ ሄድኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «ውሃ ያጠጣናቸውስ?» አሉኝ። ማዳበሪያ የበዛላቸው ቅጠሉን ዝግ ብለው እንደሚበሉ፣ ካርቦኑም አፈሩ ውስጥ ትንሽ በርከት ብሎ እንደቆየ፣ ከመሃላቸው የፈንገሶቹ ቁጥር ግን እንደሳሳ ነገርኳቸው። በስድስት ላስቲክ አፍ ሞልቶ መናገር እንደማይቻልም አልደበቅኩም።

«ጥጋብ እንዲህ ነው» አሉ።

አመሻሹ ላይ አንድ መንገደኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማደሪያ ለመነ። እኔ ደነገጥኩ፤ እስሩ ከእኔ አልወጣም ነበር፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣም። እሳቸው «ግባ፣ ግባ» አሉት። ስሙን አልጠየቁትም። እኔም ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።