ሞራ አንባቢው የገዛ ሳንባቸውን ሲያነቡ

ኦቦ ጂሎ በነገሌ ዙሪያ ስመ ጥር ሞራ አንባቢ ነበሩ። ከብት ሲታረድ ሞራውን ዘርግተው፣ በላዩ የተሰመሩትን የደም ሥሮች እያዩ፣ ዝናብ ሊገባ ነው፣ ሌባ ሊመጣ ነው ይላሉ። እኔ ወለላ፣ የወታደር ሚስትና የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ "አላምንም" ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

"አንቺስ ብብቴ ሥር የምትሸጉጪውን መስታወት ታምኚ የለም እንዴ?" አሉኝ። ትኩሳት መለኪያዬን ነው! ጉድ እኮ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ደም ማሳል ጀመሩና የሳንባ ካንሰር ተጠርጥሮ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚያ ሐኪሞቹ በደም ሥራቸው መድኃኒት ሰደው የሳንባቸውን ሥሮች ራጅ አነሱ። ዕጢው ትልቁን ሥር ካልነካ ኦፕራሲዮን ያድናቸዋል፤ ከያዘው ግን አለቀ። ራጁንና የታሸገ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ሚስታቸውን አዴ ጉያቱን ደጅ ግራሩ ሥር አስቀምጠው ወደ ክሊኒኩ ገቡ።

ሐኪማችን ገና መመረቁ ነው፤ ኦሮምኛም አይሰማም። ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። "ዕጢው ሥሩን ይዞታል፤ ኦፕራሲዮን አይሆንም" ብሎ በጆሮዬ ነገረኝና ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳ።

ኦቦ ጂሎ ከት ብለው ሳቁ። "የእኔ ልብ በቀኝ ነው እንዴ? ገልብጠህ ይዘኸዋል በይው።"

አስተረጎምኩ። እውነትም ገልብጦታል! አፍሮ አዞረው፤ እኔ ሳቄን እንደ ምንም ዋጥኩ።

ኦቦ ጂሎ ተጠግተው ማንበብ ጀመሩ። በግራው ሳንባ ሥሮቹ እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል። በቀኙ ትልቁ ሥር መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል።

"ይሄ ለምን ቆመ?"

"ራጁ አልጠራም በያቸው" አለኝ ሐኪሙ። ነገርኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። "እኔም እኮ ለከብቱ ባለቤት ክፉ ነገር ሳይበት፣ ሞራው አልጠራም ነው የምለው!"

ደሜ ፈላ። "ጓድ ዶክተር፣ አፈር ስሆን እውነቱን ይንገሯቸው! ትልቅ ሰው ይታለላል?" ብዬ ጮህኩበት። ዓይኑን ወደ ደብዳቤው ሲመልስ ራሴው ነገርኳቸው።

"ናጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደግ አደረግሽ ልጄ" አሉኝ። ራጁን ከሐኪሙ እጅ ወስደው ወጡ። ተከተልኳቸው።

አዴ ጉያቱ ብድግ አሉ። ኦቦ ጂሎ ራጁን ለፀሐይ ዘረጉና፣ ጣታቸውን በዚያ በቆመው ሥር ላይ እያስኬዱ፣ ዝናቡ በጊዜው ይገባል፣ ልጃችን ጃታኒ ያገባል፣ ሠርጉን አብረን እንበላለን እያሉ አነበቡላቸው።

አዴ ጉያቱ ሞኝ አይደሉም። ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ውስጥ ነበርሽ፤ እውነቱን ነው?"

ኦቦ ጂሎ ወደ እኔ አልዞሩም። ራጁን እንደያዙ ቀሩ።

ሐኪሙ ላይ የጮህኩት እኔ፣ "እውነታቸውን ነው" አልኩ። አዴ ጉያቱ አቅፈው ሳሙኝ።