የእትዬ ሚዛን አውራ ጣት

እትዬ ሚዛን ትዋሻለች ብሎ የሚጠረጥር ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ሁልጊዜ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለው በረንዳ ላይ አጭር በርጩማዋን ታስቀምጥና፣ ነጭ ቀለሙ የተላላጠውን የሰው ሚዛኗን ከፊቷ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ወጪ ወራጁ ሳንቲም ጣል አድርጎ ይወጣበታል። ቀስቱ ተርገብግቦ ሲቆም መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች። የሚገርመው፣ ከዚያ ሚዛን ላይ አዝኖ የወረደ ሰው አይታወቅም። መክሳት የፈለገ ከስቶ፣ መወፈር የፈለገ ወፍሮ ይገኛል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ የጠየቀም የለም፤ ደስ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ይመረምራል።

ምስጢሩ ያለው ከቀሚሷ ጫፍ ስር ነው። ሚዛኑ በጎኑ በኩል ቀስቱን ዜሮ ላይ የምታስተካክል ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለችው። እትዬ ሚዛን ደግሞ ቀኝ ጫማዋን አውልቃ መቀመጥ ትወዳለች። ሰው ሲጠይቃት እግሬ ያብጣል ትላለች፤ ማበጡስ እውነት ነው። አውራ ጣቷ ግን ከማበጥ ሌላም ሥራ ነበረው።

ሚዛኑን ያገኘችው ሃያ አንድ ዓመት በጽዳት ካገለገለችበት ጤና ጣቢያ ጡረታ ስትወጣ ነው። አዲስ መጥቶ አሮጌው ሊጣል ሲል "ለእኔ ስጡኝ" አለች፤ ሰጧት። ሥራውን በጀመረችበት ወር፣ ከሳንባ በሽታ ያገገመ አንድ መምህር በየሳምንቱ እየመጣ ይመዘን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀስቱ ንቅንቅ አልል አለ። በአራተኛው ሳምንት ሰውዬው ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም፤ ጣቷ ጎማዋን ነካ አደረገቻት።

"ግማሽ ኪሎ ጨምረሃል!"

የመምህሩ ፊት ጥርስ በጥርስ ሆነ። በዚያው ዳቦ ቤቱ ገብቶ ሁለት ዳቦ ገመጠ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም የእውነት ጨምሮ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያችን ጣት ማን ያስቁማት! ባልንጀራዋ ወፈርሽ ብላ ያሳቀቀቻት ልጅ ስትመጣ አንድ ኪሎ ትቀንሳለች፤ ፍቅረኛው ጥሎት ምግብ እምቢ ያለው ወጣት ሲመጣ አንድ ኪሎ ትጨምራለች። ማንን ጎዳሁ ትላለች በልቧ። እስከዚያ ክረምት ድረስም ማንንም አልጎዳችም ነበር።

በበረንዳው ሌላ ጫፍ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊዋ ናት። አንደበቷ መቀስ፣ ልቧ ጥጥ የሆነች ሴት። ሁለቱ አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይጣላሉ፣ አራት ጊዜ ይታረቃሉ። የሰፊዋ ልጅ ፋብሪካ ውላ ስለምትገባ የሁለት ዓመት ልጇን ሚጡን የምትይዘው አያቷ ናት። ሚጡ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ደቃቃ ናት፤ የአያቷ ሐሳብም ሌት ተቀን "መቼ ይሆን የምትፋፋልኝ" ነው።

ስለዚህ በየማክሰኞው ሰፊዋ መጀመሪያ ለብቻዋ፣ ቀጥሎ ሚጡን ታቅፋ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ልዩነቱ የሚጡ ክብደት ነው። በመካከሉ አውራ ጣት ጣልቃ ትገባና ግማሽ ኪሎ ለሚጡ ትለግሳለች። ለአያቲቱም ሦስት ኪሎ ያህል ቀንሳላት ነበር፤ በዕድሜ የመጣ ውፍረት ያስጨንቃታላ። ሰፊዋ የሚጡን ቁጥር ጨርቅ ላይ ምልክት በምታደርግበት ጠመኔ ግድግዳው ላይ ትጽፈዋለች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሚጡ ኪሎ ተሞልቷል፤ የመጨረሻው "10 ተኩል" ይላል። እውነተኛው አስር ብቻ እንደሆነ የምታውቀው እትዬ ሚዛን ናት።

በዚያ ክረምት ኮሌራ ገባ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሕክምና ድንኳን ተተከለ፤ የጤና ሠራተኞች ድምፅ ማጉያ ይዘው ውኃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ የታመመ ሰው ቶሎ አምጡ እያሉ ይዞሩ ጀመር። ከእነሱ እኩል ደግሞ በየስልኩ ሌላ ድምፅ ይዞራል። ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ራሱን ዶክተር ብሎ የሚጠራ ሰው ነው፤ ድምፁ ረጋ ያለ፣ ለማመን የሚጋብዝ። "ተቅማጥ ለያዘው ሰው ጠብታ ውኃ እንዳትሰጡ" ይላል። "ደረቅ ዳቦ ብቻ ስጡት፣ ሆዱ ይድረቅ። ያልገባ ውኃ ከየት ይወጣል?" ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። የእትዬ ሚዛን ስልክ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ስለማያውቅ እሷ ጋ አልደረሰም።

አንድ ማክሰኞ ሰፊዋ አርፍዳ መጣች። ሚጡ ጀርባዋ ላይ ታዝላ ጸጥ ብላለች።

"ምነው ዛሬ ዝም አለች?" አለች እትዬ ሚዛን።

"ጥርስ ነው፣ አላስተኛችንም። በይ ቶሎ መዝኚልኝ።"

ለመመዘን ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ሰፊዋ ለብቻዋ ወጣች፣ ወረደች፣ ሚጡን ታቅፋ ወጣች። ቀስቱ እትዬ ሚዛን ከጠበቀችው በታች ቆመ። በልቧ ስትቀንስ ዘጠኝ መጣላት። ዘጠኝ? ባለፈው ሹራብና ጫማ አድርጋ ነበር፣ ዛሬ ስስ ቀሚስ ብቻ ናት ብላ ራሷን አሳመነች። ቀና ስትል የሰፊዋ ዓይን እንደዚያ መምህር ዓይን ተጨፍኗል። ጣቷ ጎማዋን ገፋች፤ ከወትሮው ጠለቅ አድርጋ።

"አስር ተኩል! እንዳለች ናት!"

"ተመስገን!" አለች ሰፊዋ። ሚጡን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለው የጨርቅ ክምር ላይ አስተኝታ ሥራዋን ጀመረች።

እኩለ ቀን ላይ ልብስ ሊወስዱ የመጡ ሴቶች ሰፊዋን ከበቧት። የእትዬ ሚዛን ደንበኛ የሆነ አንድ ታክሲ ነጂም ሱሪውን ሊያሳጥር እዚያው ነው። ወሬው ስለ በሽታው ነበርና ሰፊዋ መኪናዋን አቁማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እኔ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሚጡን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ተቅማጡ አጣድፏት ነበር።"

"ጥርስ ነው አላልሽኝም?" አለች እትዬ ሚዛን ከወዲያ ጫፍ።

"ታዲያ ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ማን አጠገቤ ይደርሳል?" አለችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ዶክተሩ በስልክ እንዳለው ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሰችም። ይኸው ቆመላት! ከስታ ይሆናል ብዬ ጠዋት አስመዘንኳት፤ ቅንጣት አልወረደችም። ይቻትላችሁ፣ ጠይቋት። ሚዛን ይዋሻል እንዴ?"

ሰማያዊ ጃንጥላ የያዘች ወጣት ሴት ልብሷን ቶሎ ቶሎ አጣጠፈች። "ባሌ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ተኝቷል። እኔ ሞኟ ውኃ ስግተው ዋልኩ! ልሂድና ከአጠገቡ ላንሳው።"

እትዬ ሚዛን ጤና ጣቢያ ሳለች ወለል እየወለወለች የሰማችው የአንዲት አንጋፋ ነርስ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ነርሷ ሕፃን ይዘው ለሚመጡ እናቶች ሁሉ ያንኑ ነበር የምትላቸው፤ "በአንድ ቀን የወረደ ኪሎ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። ውኃውን ቶሎ ካልመለሳችሁለት ልጁን ታጡታላችሁ።" ተነሥታ ወደ ጨርቁ ክምር ሄደች። የሚጡ ዓይን ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ለማልቀስ አፏን ትከፍታለች፣ እንባ የለም።

"አንቺ ባለ ጃንጥላ፣ ቁሚ!" አለች። በዚያ በረንዳ ላይ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። "ውኃውን እንዳታነሺ። ሚዛኑ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሰፊዋ ሳቀች። "ምን ነካሽ? በዓይኔ ያየሁትን..."

እትዬ ሚዛን ዳቦ ቤቱ ገብታ ያልተከፈተ የአምስት ኪሎ ዱቄት ይዛ ወጣችና ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ቀስቱ አምስት ላይ ቆመ። ከዚያ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አውራ ጣቷን ጎማዋ ላይ አሳረፈች። ዱቄቱ ስድስት ኪሎ ሆነ። ሰባት ሆነ። ተመልሶ አራት ሆነ።

"ቆይ እንጂ" አለ ታክሲ ነጂው። "እኔ የከሳሁት አምስት ኪሎስ?"

"አልከሳህም ልጄ።"

"ቀበቶዬ ሰፍቶኝ የለም እንዴ!"

"ቀበቶህ አርጅቶ ነው።"

ሰፊዋ ግን ወደ ግድግዳዋ ዞራ የጠመኔውን ቁጥር ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ይህ ሁሉ?" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ሁሉ?"

"በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ። ዛሬ ደግሞ አንድ ተኩል። እታለም፣ በኋላ ጠግበሽ ትሰድቢኛለሽ፤ አሁን ልጅቷን ይዘሽ ሚዛኑ ላይ ውጪ።"

ሁለቱንም እግሮቿን ከበርጩማው ስር አጣጥፋ ተቀመጠች። ሰፊዋ ብቻዋን ወጣች፣ ከሚጡ ጋር ወጣች። የራሷን ቁጥር ልብም አላለችው። ዘጠኝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አስር ነበር፤ ሹራቡና ጫማው ቢቀነስ እንኳ ያን ያህል ጉድለት አይሸፍንም። እትዬ ሚዛን ከሱቁ የታሸገ የአንድ ሊትር ውኃ አመጣችና በጓደኛዋ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዢው። ክብደቱን ያዢው። ከዚች አንድ ፍሬ ልጅ ውስጥ ይህን የሚያህል ውኃ ወጥቷል። ተቅማጡ የቆመው ድና አይደለም፤ የሚወጣ አጥታ ነው።"

ሰፊዋ ጠርሙሱን አየች፣ ሚጡን አየች። ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ከንፈሯን አራሰችላት፤ ሚጡ ማንኪያውን በድዷና በጥርሷ ነክሳ አልለቅም አለች። ታክሲ ነጂው ሱሪውን ረስቶ መኪናውን አስነሣ። እትዬ ሚዛን ባለ ጃንጥላዋን ክንዷን ይዛ "ባልሽን ቶሎ ወደ ድንኳኑ ይዘሽው ነይ፤ መንገድም ላይ ቢሆን እየጠጣ" አለቻትና እሷም መኪናው ውስጥ ገባች። ሚዛኑን ለማን ትታው እንደሄደች እስከ ዛሬ አታስታውስም።

ድንኳኑ ውስጥ ያለችው ነርስ ሚጡን ገና ስታያት ተነሥታ ቆመች። በክንዷ ፈሳሽ ተተከለላት፤ ጥቂት ስትነቃም ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጠው በማንኪያ በማንኪያ ሰጧት። ሁለቱ ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚጡ አያቷ ጭን ላይ እንዳለች ሸናች። ቀሚሷ ሙሉ በሙሉ ራሰ። ሰፊዋ የራሰውን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨብጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እንዲህ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። የዶክተር ነኝ ባዩን ድምፅ ለሃያ ሦስት ሰው አስተላልፋ ነበር። ለእነዚያው ሁሉ በራሷ ድምፅ እንዲህ አለች፦ "እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። የላክሁላችሁን አጥፉት። ሰውዬው ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ሳላውቀው አምኜው የልጅ ልጄን ልገድላት ነበር። የታመመ ሰው ካላችሁ አጠጡት፣ አጠጡት፣ ወደ ድንኳኑም አምጡት።" መልስ ያልሰጧትን በማግሥቱ በየቤታቸው እየሄደች በር አንኳኳች። የባለ ጃንጥላዋ ባል ሁለት ቀን ተኝቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

እትዬ ሚዛን ግን ሳምንቱን ከቤት አልወጣችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ በርጩማዋን ይዛ ስትመጣ ሁለቱንም ጫማዎቿን ተጫምታ፣ ክራቸውን አጥብቃ አስራ ነበር። ሰው አልመጣም። ታክሲ ነጂው ብቻ ከመኪናው ሳይወርድ ሆዱን በእጁ መታ መታ አድርጎ አሳያትና አለፈ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ትነዳለች፣ ቀና አትልም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ቆመ። ሰፊዋ ሚጡን በክንዷ አድርጋ መጣች።

"ያዣት" አለች። ሚጡን እትዬ ሚዛን ጭን ላይ አስቀምጣ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቀስቱ ሰባ ሦስት ላይ ቆመ። ሰፊዋ ቁልቁል አየች፣ አጎነበሰችና ደግማ አየች። ከለመደችው ቁጥር በሦስት ኪሎ ይበልጣል። ሚጡን ተቀብላ እንደገና ወጣች።

"ስንት ናት?"

እትዬ ሚዛን መነጽሯን አወረደች። ጣቷ ጫማው ውስጥ ተወራጨች፤ የለመደችው ነገር ነዋ። "ዘጠኝ ተኩል" አለች። "ዘጠኝ ተኩል ብቻ ናት፣ እታለም።"

ሰፊዋ እርጥቡን ጨርቅ አንሥታ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ወለወለችው። የዓመት ሙሉ ቁጥር ነጭ ውኃ ሆኖ ወረደ። ከዚያ ጠመኔዋን ከጆሮዋ ላይ አነሣችና ከላይ፣ ብቻውን፣ በትልቁ "9 ተኩል" ብላ ጻፈች። በዚያ ግድግዳ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ስታነበው እንዲህ ዓይኗ የበራበት የለም።

"የሚቀጥለው ማክሰኞ እንመጣለን" አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞረች። "ሰባ ሦስቱን ግን ለሰው ትንፍሽ ብትይ፣ አፍሽን በዚያ መኪና ነው የምሰፋው።"