ቀይ ክር የታሰረበት እንጨት

ልጅ ሳለሁ የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አንዳንዱን ልሳሳት እችላለሁ። ፋኖሱ የሚሰቀለው በዘይቱናው ዛፍ ላይ ነበር ወይስ በግድግዳው ምስማር፣ ክረምቱ ቀድሞ ነበር ወይስ ዘግይቶ፣ እነዚህን አልምልባቸውም። የእንጨቶቹን ነገር ግን አልሳሳትም። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ቀይ ክር የታሰረበት።

ያኔ መቀሌ ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ ዓዲ ሓቂ በምንለው በኩል ከቤታችን ጓሮ ቀጥሎ የገብስ ማሳ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በእኛ ልማድ ሓወቦ ኃይሉ የምንለው፣ አስመራ በጣሊያኖች አትክልት ቦታ ብዙ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ አሮጌ ካፖርትና በጨርቅ የተቋጠረ የባሮ ሽንኩርት ዘር ነበር። ራስ ሳይሆን ወፍራም ነጭ አገዳው የሚበላውን ባሮን የሚያውቅ ሰው ያኔ ጥቂት ነው። ጎረቤቶች አጥሩን ተደግፈው «ኃይሉ፣ ይህ ሽንኩርትህ ራስ የሚያወጣው መቼ ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ቀና ሳይል «እናንተስ ራስ አውጥታችሁ ምን ሠራችሁበት?» ይላቸዋል።

የባሮ ዘር ጥቁር አዝሙድ ይመስላል። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ሌላው አትክልት በሳምንቱ ብቅ ሲል ባሮ ሁለት ሳምንት፣ ብርድ ካለም ሦስት ሳምንት ከአፈር በታች ዝም ይላል፤ በዚህ መሃል ጉንዳን ካገኘው ዘሩን እየለቀመ ይወስደዋል። ሓወቦ ጉንዳኑን የሚከላከለው በአመድ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ከምድጃው ፍም በገል አድርጎ ያመጣና መደቡ ዳር ይቀመጣል። ፍሙ እስኪከስም ተረት ያወራልናል፤ ሲከስም አመዱን በመዳፉ አድቅቆ በመደቡ ዙሪያ ይበትነዋል። እኔ በአንድ ወገን፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እኅቴ ብርኽቲ በሌላው ወገን ተቀምጠን፣ ጢሱ ወደ ማን እንደሚዞር እየጠበቅን እንሰማዋለን።

ደጋግሞ የነገረን አንድ ተረት አለ። አንድ ሰው ዘር ዘራ፤ ማታ ማታ እየመጣ አፈሩን በጣቱ ገለጥ ያደርግና «ነቅተሃል ወይ?» ይለዋል። ዘሩም «ልነቃ ስል አንተ ትቀሰቅሰኛለህ፤ ተወኝ» ይለዋል። ስድስት ማታ እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ሰውየው ቢቆፍር ዘሩን አጣው። ዘሩ ተቆጥቶ ወደ ታች ሄዷል፤ ከምድር በስተጀርባ ወዳለ፣ ሰው ቢጣራ ወሬ ወደማይመጣበት አገር። ሓወቦ እዚህ ሲደርስ ጆሮውን መሬት ላይ አስደግፎ «ስሙ፣ ሰውየው አሁንም ይጣራል» ይለናል። እኔ ጆሮዬን ለማስጠጋት እፈራ ነበር። ብርኽቲ ግን ጉንጯ አፈር እስኪለብስ ትተኛና «ምንም የለም፣ ሓወቦ» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ትምህርት ቤት እንደሚልክ ተናገረ። ሁለታችንም ከሄድን ለጓሮው ውኃ የሚቀዳ አይኖርም፤ የምንበላው ደግሞ ከጓሮው ነበር። ለአባቴ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ብሎ ያምናል። ሓወቦ ግን እንቢ አለ። «ፊደል እንደ ባሮ ነው፣ ቶሎ አይበቅልም። መጠበቅ የሚችለው ይሂድ» አለና ለእያንዳንዳችን በመደቡ ላይ አንድ አንድ መስመር ሰጠን። እኩል ዘር ቆጠረልን። የእኔ መስመር ራስጌ ላይ ባዶ እንጨት ተከለ፤ የብርኽቲ እንጨት ላይ ከነጠላዋ ጥለት የተመዘዘ ቀይ ክር አሰረ። የማን መስመር ደህና ወጥቶ እንደተገኘ አይቶ ይፈርዳል።

እኔ መጠበቅ አልችልም ነበር። ሌላው ሰው ሲጨነቅ ይታገሣል፤ እኔ ሄጄ አያለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በጣቴ ገለጥ አደረግሁ። ዘሩ እንዳለ አለ። መለስኩበት። በማግስቱም ገለጥኩ። በሳምንቱ አንዷ ዘር ነጭ ነጥብ አውጥታ አየኋት፤ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ በጣቴ ነካኋት፤ ነጥቧም ተቀነጠሰች። ከዚያ በኋላ የቀሩትም ነጥብ አውጥተው እንደሆነ ለማረጋገጥ ሁሉንም ቆፈርኩ።

ሓወቦ ለአንድ ዘመዳችን አጨዳ ሊያግዝ ዓይናለም መንደር ወርዶ ሦስት ቀን ቆየ። የብርኽቲ መስመር ብቅ ያለው በእነዚያ ቀኖች ነው። የባሮ ቡቃያ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እንደ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚወጣው፣ ጫፉ ገና አፈር ውስጥ ሆኖ። ከራስጌ እስከ ግርጌ ትንንሽ አረንጓዴ ጉልበቶች ተሰልፈው ነበር። የእኔ መስመር በጣት የተወጋጋ ባዶ አፈር ነው።

በሦስተኛው ቀን ሲመሽ የሓወቦ ድምፅ ከበር ተሰማ። መጀመሪያ ፍም ሊይዝ ወደ ምድጃው እንደሚገባ አውቃለሁ። ብርኽቲ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች። ሁለቱን እንጨቶች ነቅዬ ቦታቸውን ለወጥኩ። ቀይ ክር ያለው በተቆፈረው ልል አፈር ውስጥ አልተተከለልኝም፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቀና ስል ብርኽቲ እንስራ እንዳዘለች ከአጥሩ በር ቆማለች። አይታኛለች ወይስ አሁን መድረሷ ነው? ያኔ አላወቅሁም።

ሓወቦ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ባዶውን እንጨት አየ፤ ቡቃያውን አየ። ከዚያ ወደ ቀይ ክሩ ዞሮ የተወጋጋውን አፈር በሌባ ጣቱ ነካ።

«ብርኽቲ፣ ቆፍረሻል?»

ብርኽቲ እንስራውን አላወረደችም። እኔን አየችኝ። ገሉ ላይ አንድ ፍም ጧ አለ። ትናገራለች ብዬ ነበር። አልተናገረችም። ሓወቦ ብዙ ጠበቃት፤ ከዚያም ራሱን ነቅንቆ አመዱን መበተን ጀመረ። የዚያን ማታ ተረት አላወራም።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ኖርኩ። ይህንን የምጽፍበት ፊደል የዚያ መስመር ፍሬ ነው። ደብተሬን ይዤ ስሄድ ብርኽቲን ውኃ ተሸክማ መንገድ ላይ አገኛት ነበር፤ ሰላም ትለኛለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለአንድ ሹፌር ተድራ አስመራ ገባች። ደብዳቤዋ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። የእኔንም የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የእንጨቶቹን ነገር በደብዳቤ ልነግራት አልቻልኩም፤ የሰረቅኋትን ለጎረቤቷ ልጅ እንዴት አስነብባለሁ?

በ1983 መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት ለእናታችን ተዝካር መጣች። ሦስት ቀን ቆየች። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጓሮ ውስጥ ብቻችንን ሆንን፤ የባሮ መደቤን አይታ «አሁንም ትቆፍራለህ?» ብላ ሳቀች። «ድሮ ተውኩ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ ነገርን ገልጬ አላይም፤ ሁሉንም ቀኑ እስኪደርስ ብዬ እተወዋለሁ። ልነግራት አፌን ስከፍት ሰው ጠራን። ሌላ ጊዜ አልኩ። በ1990 ድንበሩ ተዘጋ፤ ሌላው ጊዜ ሃያ ዓመት ሆነ።

በ2011 መስከረም መንገዱ ድንገት ተከፈተ። የአስመራ መኪኖች በከተማው ጎዳና ሲርመሰመሱ፣ ሰዎች በየአስፋልቱ ዳር ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየሁ። የብርኽቲ ልጅ ደወለች፤ «እናቴ ጉልበቷ አይችልም፣ አንተ ና ትልሃለች» አለችኝ። እመጣለሁ አልኩ። በዚያ ጊዜ ከጓሮዬ ባሮዎች ሁለቱ አብበው ነበር። ባሮ የሚያብበው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። ረጅም አገዳ ላይ ቡጢ የሚያህል ነጭ አበባ ያወጣል፤ ዘሩ እስኪደርቅም ወራት ይፈጃል። ባዶ እጄን አልሄድም፣ ከሓወቦ የወረስነውን ዘር ይዤላት እሄዳለሁ፣ ያኔ በዘሩ ሰበብ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ባለቤቴ ጥቅምት ላይ ተቆጣች። «አንተ ሰውዬ፣ የምትጠብቅህ እኅትህ ናት ወይስ ሽንኩርቱ?»

«ዘሩ ገና አረንጓዴ ነው።»

«መንገዱም እንደሱ ይጠብቅሃል?»

አገዳዎቹን በድጋፍ እንጨት ላስር ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ዘሩን ብቻ አልነበረም የጠበቅሁት፤ ፊቷን ፈርቼ ነው። በልጅነቴ መጠበቅ ሲገባኝ ቆፈርኩ፣ በሽምግልናዬ መሄድ ሲገባኝ ጠበቅሁ።

ኅዳር አልቆ አበባው ደረቀ። በመዳፌ አሽቼ፣ ገለባውን በትንፋሼ አብንኜ፣ ዘሩን በጨርቅ ቋጠርኩ። ታኅሣሥ ውስጥ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ በየስልኩ ይጮኻል። ያለ ወረቀት ማሳለፍ ቀርቷል፣ የሚመለሰው የዚያ አገር ሰው ብቻ ነው ተባለ። ወደ አስመራ የምትመለስ አንዲት ነጋዴ ሴት አገኘሁና የብርኽቲን ሰፈር ነግሬ ቋጠሮውን ሰጠኋት። ከመስጠቴ በፊት ከመሬት አንድ ስንጥር አንሥቼ፣ ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዝዤ አሰርኩበትና ከዘሩ ጋር አኖርኩት።

«ይህ ምንድን ነው አባ?» አለችኝ።

«ዘር ነው።»

«እንጨቱስ?»

«እሷ ታውቀዋለች።»

ከዚያ በስልክ በተገናኘን ቁጥር «ዕቃ ደረሰሽ?» እላለሁ፤ «የለም» ትለኛለች። ወር አለፈ፣ መንፈቅ አለፈ፣ ዓመት አለፈ። የባሮ ዘር ሲያረጅ ይሞታል፤ በሦስተኛው ዓመት አይታመንም። ከዚያው ዘር የቀረኝን በ2012 ብዘራው ግማሹ አልወጣም። የእሷም ቋጠሮ የትም ይሁን የት በዚያው ልክ እየሞተ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሴትየዋ ለካ ታማ መንገድ ላይ ከዘመዶቿ ቤት ቀርታ ኖሯል፤ ቋጠሮው ከሣጥኗ ወጥቶ ብርኽቲ እጅ የገባው በዚያው በ2012 ነሐሴ ነው።

በ2013 ጥቅምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ስልኩን ለእናቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠቻት፤ ብርኽቲ ጆሮዋ ደክሟል። የልጅ ልጆቿ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ሓወይ፣ ዕቃህ ደረሰ» አለች። ወንድሜ ማለቷ ነው። «በሁለት መስመር ዘራሁት። አንዱ ላይ ቀይ ክር ያለውን ተከልኩ፣ አንዱ ላይ ባዶ እንጨት።»

ሰው ይስማ አይስማ ብዬ አላሰብኩም። «ብርኽቲ፣ ያኔ እንጨቶቹን…»

«አይቼህ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

ልጆቹን «ውጡ» አለቻቸውና ወደ እኔ ተመለሰች። «አንተ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ዝም ማለት እችል ነበር። ይኸው ደብዳቤህን ስድሳ ዓመት በሰው ዓይን አነባለሁ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ድምፄ መድረሱን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ደግሜ አልኳት።

«ከእኔ መስመር ጥቂት ወጥቷል» አለች። «ካንተም ወጥቷል። አጠገቡ ስላልነበርክ ነው።» ሳቋ እንደ ድሮው ነበር። «አሁን መልስ አትጠይቀኝ። ባሮው እንደ አውራ ጣት ሲወፍር ደውልልኝ፣ ያኔ እነግርሃለሁ።»

ባሮ ከቡቃያ እስከዚያ ለመድረስ አምስት ወር ይፈልጋል። እሺ አልኳት። በወሩ መጨረሻ ጦርነት ተነሥቶ ስልኩ ተቋረጠ፤ የእሷን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት፣ ከዚያ ወገንም ወሬ የመጣልኝ፣ በዚያ ቀን ነው።