በሸክላ የተቀዳ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ከመካኒሳ ወደ ብስራተ ገብርኤል ስመጣ፣ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ያ ዘፈን ተከፈተ። ገና መግቢያው ላይ ያለው ሳክስፎን ሲጀምር ሰውነቴን ወረረኝ። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተደግፎ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና «የድሮ ሰው እንዴት ያፈቅር ነበር በናታችሁ!» አለች። እኔ ቦርሳዬን እቅፍ አደረግኩ። አላስቻለኝም፤ መውረጃዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩት።

ስለዚያ ዘፈን ያልተባለ የለም። አንዱ ለአየር መንገድ አስተናጋጅ የተዘፈነ ነው ይላል፣ ሌላው ጅማ ለቀረች እጮኛ። አንድ ጋዜጠኛማ ስለዚያች ስለማትታወቀው ቆንጆ በራዲዮ ሲተነትን ሰምቼ፣ ራዲዮኑን ዘግቼ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ። ኧረ ተዉኝ እቴ! ያቺ ቆንጆ ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ቆንጆም አልነበረች፣ ሴትም አልነበረች። ደረጀ የሚባል፣ ግንባሩን ብጉር የወረሰው፣ ሸራ ጫማውን በጠመኔ እያነጣ የሚያደርግ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ጭቃ ቤቶች ፊት ለፊት የተፋጠጡበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። የደረጀ እናት እትዬ ወለላ ግድግዳ ተጋሪያችን ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ሹሩባ እየሠሩ ነው ያሳደጉት፤ እጃቸው ሁልጊዜ ለጋ ቅቤና አሪቲ ይሸታል። ሰፈሩ ግን እሳቸውን የሚያውቀው በአልቃሽነታቸው ነው። ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን ሳይተከል እሳቸው ይጠራሉ። እንደ ሌላው አልቃሽ ዘለው ሙሾ አያወርዱም፤ መጀመሪያ ጓዳ ይገቡና ከቤተሰቡ አንዱን ይዘው ይጠይቃሉ። «መጨረሻ የበላው ምንድን ነው? ሲወጣ ምን አለ? ስታቆላምጡት ማን ትሉታላችሁ?» ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጀምሩ፣ ሟቹን አይቶት የማያውቅ ሁሉ እንደ ወንድሙ ያለቅሰዋል። «ስም ያልተጠራበት ለቅሶ ጩኸት ነው» ይሉ ነበር። ደግሞ ቀልዳቸው! እናቴን «አንቺ ቶሎ እንዳትሞቺብኝ፣ የሚባልልሽ ነገር ገና አላገኘሁም» ሲሏት እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች።

በሌላ ወገን ደግሞ፣ ከእትዬ ወለላ ቤት በኮምፔንሳቶ ብቻ በተከፈለችው ክፍል ውስጥ መክብብ የሚባል ዘፋኝ ይኖር ነበር። አፍሮ ፀጉር፣ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ነጭ ጫማ። ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይዘፍናል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚውም ዘፋኙም እዚያው ተዘግቶበት ስለሚያድር፣ እሱ ቤቱ የሚገባው እኛ ቁርስ ስንበላ ነው። ግቢው ውስጥ ሲደርስ ጫማውን በእጁ ይይዛል፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው ይላል፤ የሚተኛው ግን እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ደረጀ እጁን ታጥቦ ሊቀመጥ ሲል ከአጥሩ ውጭ ስሙ ተጠራ። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው አብሮት ኳስ ይጫወት ነበር። ደረጀ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «ቆይ እማ፣ መጣሁ» አለ። እትዬ ወለላ ወጡን ከድነው ደጃፍ ላይ ቆሙ። የቤቱ ጥላ ከደጃፉ ተነስቶ ዞሮ አጥሩ ጋ እስኪደርስ እዚያው ቆሙ። ልጁ አልመጣም።

ቆይቶ ቀበሌ አስጠራቸው። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል» ተባሉ። ሬሳ የለም። ድንኳን መጣል ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ማልቀስ ክልክል። ይህን የነገራቸው ሊቀመንበር እኮ፣ እናቱ ስትሞት እትዬ ወለላ ናቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ ያለቀሱለት! ወይ ጊዜ። እትዬ ወለላ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆኖ ተመልሰው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር አፍሳ እሳቸው ጋ ሄደች። «ወለላዬ፣ ይቺን ምስር ብንለቅማት» አለች። ሌላ አንድም ቃል የለ። እንዳይለቀስ የተመደበው ጎረምሳ ጥበቃ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ሲል የሚያየው ምስር የሚለቅሙ ሴቶች ነው። ቀስ እያሉ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሰፌድ ሰፌዳቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ያቀረቀረ ሰው ዓይኑ አይታይማ! እንባቸው ምስሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አንዷ ለቅማ የጨረሰችውን ሌላዋ ተቀብላ እንደገና ትለቅማለች። እኔ በልጅ አፌ «ይሄ ምስር ጠጠሩ አያልቅም እንዴ?» ብል እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እትዬ ወለላ ግን እንባም አልወጣቸው፣ ቃልም አልወጣቸው። የሰፈሩን ሙት ሁሉ በስሙ የሸኙ ሴትዮ፣ የልጃቸው ስም ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ያንገበገባቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ሳይለቀስለት መቅረቱ ነው።

ለጥምቀት ሰሞን ፀጉሬን ሊሠሩኝ ጉልበታቸው መሃል አስቀምጠውኝ ነበር። መክብብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣና አጠገባችን ቆመ።

«እትዬ ወለላ፣ አይቆጡኝ። ልብስ ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሯት ዜማ በግድግዳው እየገባች እንቅልፍ ነሳችኝ። መድረክ ላይ እንኳ ሌላ ልዘፍን ስል የምትመጣብኝ እሷ ናት።»

እጃቸው ፀጉሬ ላይ ቆመ። «እኔ ምንም አላንጎራጎርኩ» አሉ። ያን ጊዜ ማን ማንን ያምናል!

«ከእኔ በቀር የሰማ የለም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፍቅር አስመስዬ ልዝፈናት?»

ሚዶው አናቴ ላይ ተሰነቀረ። «ኧረ ወዮ!» አልኩ፤ የሰማኝ የለም።

«በራዲዮ ይወጣል?»

«ሳንሱር ካለፈ ይወጣል።»

«ሊቀመንበሩም ይሰማዋል?»

«አገር ይሰማዋል፣ እትዬ።»

ሚዶውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ አናት አጎንብሰው፣ ፀጉር የሚጎነጉኑ መስለው፣ በሹክሹክታ አወረዱት፤

ቆይ መጣሁ ብለኸኝ ምሳህን ሳትበላ፣
ወጡም ቀዘቀዘ ዞረ የቤት ጥላ።

ደረጀ ደረጀ ብዬ ልጥራህ ወይ፣
ልጅን በስሙ መጥራት ይከለከላል ወይ።

ትንፋሻቸው አናቴን ሲያሞቀኝ አሁንም ይሰማኛል። መክብብ የውሃ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ። «የመጀመሪያውን ለሴት አደርገዋለሁ» አለ። «ሁለተኛው ግን ሁለታችንንም ያስበላናል።»

«ስሙ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉ። «ቀን ሲወጣ ድንኳን ጥዬ፣ በስሙ እየጠራሁ አለቅስለታለሁ። ዜማውን እስከዚያ አንተ አቆይልኝ።» ቀጥለው ጆሮዬን ያዝ አደረጉኝ። «አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«ምንም» አልኩ። ሆድ ይፍጀው ማለት ምን እንደሆነ የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

ሸክላው ወጣ። «ቆይ መጣሁ ብላኝ ነው ምሳዋን ሳትበላ» እያለ መክብብ ሲዘፍን ከተማው አበደ። በራዲዮ የአድማጮች ምርጫ ሲቀርብ የሚቀድመው አልነበረም። ሠርግ ላይ፣ ሙዚቃ ቤት በር ላይ፣ ጠጅ ቤት፣ በሄድክበት እሱ ነው። ይባስ ብሎ ቀበሌው ለስብሰባ ሕዝብ ሲጠራ በድምፅ ማጉያው ያንኑ ይከፍታል፤ ሊቀመንበሩ ራሱ እያንጎራጎረ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል አሉ። ድምፅ ማጉያው ሲጀምር እትዬ ወለላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ መልሰው ያስተካክሉታል። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ «ደረጀዬ፣ ቀበሌው ያልቅስልህ» ሲሉ ሰማኋቸው። ፈገግ ብለው ነበር። ያ ፈገግታ ልጅም ሆኜ አስፈርቶኛል።

መክብብ ትንሽ ቆይቶ ከባንዱ ጋር ጅቡቲ ለሥራ እንደሄደ በዚያው ቀረ። እትዬ ወለላ ግን ቀናቸውን ይጠብቃሉ። ለቅሶ ቤት መሄዱን ትተዋል፤ «ድምፄን ለደረጀ አስቀምጫለሁ» ይላሉ። ዓመታት ሄዱ፤ እኔም አድጌ ሥራ ያዝኩ፤ ደርግ ወደቀ። በታወጀው ነፃነት ሰው ሁሉ ሲጨፍርና ሲፈራ፣ እሳቸው ቀጥታ የሄዱት ዕድር ዳኛው ቤት ነው። «ድንኳኔን አምጡልኝ» አሏቸው።

ድንኳኑ ተጣለ። የደረጀ የተማሪ መታወቂያ ላይ የነበረችው ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታጥባ፣ ብጉሩ ሳይቀር እየታየ፣ መሃል ቆመች። ሰፈሩ ግጥም ብሎ መጣ። እትዬ ወለላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። ዜማው ሲወጣ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንድ ሕፃን የሚያውቀውን ዘፈን ሰማና ማጨብጨብ ጀመረ። ልጃገረዶች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። አንድ ሽማግሌ «አስቀምጧቸው፣ ኀዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው። ለቅሶ ላይ ዘፈን?» አሉ።

እትዬ ወለላ አቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ጀመሩ። ከአፋቸው የወጣው ግን «ቆይ መጣሁ ብላኝ ነው» የሚለው ነበር። ደንግጠው ዙሪያቸውን አዩ። «ብላኝ?» አሉ። «ማን ናት እሷ?» ስሙ ያለበትን ለመፈለግ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያ ሁሉ ዓመት በየግድግዳው የገባ ዘፈን አፋቸውን ይዞባቸዋል። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አቆይልኝ ብዬ ሰጠሁት» አሉ፣ «ዘፈን ሆኖ ቀረብኝ። ልጄን በምን ላልቅሰው?» እኔ ግጥሙን አውቀዋለሁ፤ ልናገር ብዬ አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣኝም።

ያኔ እናቴ ተነስታ ወጣች። ስትመለስ ሰፌድ ላይ ምስር ይዛለች። እትዬ ወለላ እግር ስር አስቀመጠችውና «ወለላዬ፣ ይቺን ምስር ብንለቅማት» አለች። የዚያን ጊዜዎቹ ሴቶች አርጅተዋል፤ ግን አንድ በአንድ እየመጡ ዙሪያውን ቁጭ አሉ፣ አቀረቀሩ፣ መልቀም ጀመሩ። በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ የሚል ጥበቃ የለም፤ ቢሆንም ቀና ያለ አልነበረም። ጣቶች ምስር ላይ ሲሄዱ ብቻ ይሰማል። ከብዙ ቆይታ በኋላ እትዬ ወለላ ያለ ዜማ፣ ለምሳ የሚጠሩት ይመስል፣ «ደረጀ» አሉ። ሴቶቹም ተቀብለው «ደረጀ» አሉ። ከዚያ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ።

እትዬ ወለላ ብዙም አልቆዩ። ሰፌዳቸው ለእኔ ደረሰኝ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ለቋል።

የዚያን ዕለት ከታክሲው ወርጄ ቤት ስገባ ሰፌዱን አወረድኩና አንድ ፓኬት ምስር ዘረገፍኩበት። ልጄ መጥታ «እማ፣ እሱ እኮ የተለቀመ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ቁጭ ብላ ትንሽ ለቀመች፤ ጠጠር የለም፣ ገለባ የለም።

«ምንድን ነው የምንፈልገው?» አለች።

«ደረጀ ይባላል» አልኳት።