ሪዞ የተላጨበት ሳምንት

በቆዳ ፋብሪካው እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ከመዝገቡ በቀር አልነበረም። ሁሉም ሪዞ ይለዋል። ጺሙ ከጉንጩ ተነሥቶ ደረቱ ላይ ያርፋል። ሲቆጣ ይጎትተዋል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ይዳብሰዋል፤ ያ ብቻ ይበቃል።

ሥራው የፍሳሽ ጉድጓድ ማጽዳት ነው። ከቆዳ የተፋቀ ጠጉር፣ ስብና ኖራ ተጠራቅሞ ቧንቧውን ሲደፍነው፣ በገመድ ታስሮ በብረት መሰላል የሚወርደው እሱ ነው። ገመዱን ከላይ የሚይዝለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ያስገባውም ራሱ ሪዞ ነው።

ጺሙ ቶሎ የመጣ አልነበረም። እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ፊቱ እንደተላጠ እንቁላል ልስልስ ስለነበር እኩዮቹ “እሜቴ” ይሉት ነበር። ሲመጣ ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ፤ በዓመቱም አገባ። ከዚያ ልጅ ተጠበቀ። አምስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት። በመጨረሻ ባልና ሚስት ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ችግሩ ከባልየው እንደሆነ ነገራቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ ሚስቱ፣ “ለሰው የምንናገረው ነገር የለም” አለችው። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱም፣ የገዛ እናቷም “መካን” ሲሏት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። “እንዲህ ያለ ጺም ያለው ወንድ ይዛ!” ይላሉ። ሪዞ ይህን በጆሮው ሰምቷል። ሰምቶም ጺሙን ቅባት እየቀባ ያበጥር ነበር።

አንድ ቀን ለሠራተኛው ደህንነት የተቀጠረች ወጣት ባለሙያ አዳዲስ የጋዝ ጭንብል ይዛ መጣች።

“ጋሼ፣ ጺም ካለ ጭንብሉ ፊትዎ ላይ አይገጥምም፤ ጋዝ ያስገባል። ይላጩት” አለችው።

“እኔ እዚህ ጉድጓድ መውረድ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።”

“እሺ፣ እንሞክረው።” ጭንብሉን አጥልቃለት ራሱ ላይ ከረጢት ደፋችና ከረጢቱ ውስጥ መራራ ፈሳሽ ረጨችበት። “ከመረረዎት ያስገባል ማለት ነው። መረረዎት?”

ምላሱ እሬት እንደላሰ ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ፣ ገመድ ያዡ አማቹም ጭምር፣ ቆመው ያዩታል።

“ኧረ ምንም!” አለ።

ባለሙያዋ ዓይን ዓይኑን አየችው። “ቢሆንም ለሰኞ ተላጭተው ይምጡ። ያለዚያ አይወርዱም።”

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። “ተላጨዋ! ተመልሶ ይበቅል የለ?” አለችው።

“ተላጭቼ ምን ቀረኝ?” ብሎ ጮኸባት።

እጇ ላይ ያለውን ሰሃን አስቀመጠች። “እኔስ? እኔ ምን ቀረኝ?” ብላው ወጣች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቧንቧው ተደፈነና ፍሳሹ ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ። ባለሙያዋ በዚያ ቀን የለችም። አለቃው ሪዞን አየው፤ ሪዞም ገመዱን ታጠቀ።

“ጋሼ፣ ሰኞን ብንጠብቅስ?” አለው አማቹ።

“አንተ ገመድህን ያዝ!”

ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ጭንብሉ ውስጥ የገማ እንቁላል ሽታ መጣበት። መመለስ ይችል ነበር። ከላይ ግን ሰው ያያል። ወረደ። ታች ሲደርስ ሽታው ጠፋ። ሽታው ድንገት ከጠፋ ጋዙ በርትቷል ማለት እንደሆነ ባለሙያዋ ነግራቸው ነበር። ትዝ ሲለው ግን ወድቋል።

አማቹ ገመዱን ሳበ። መሰላሉ ሥር ተጠምጥሞ እምቢ አለ። “ድረሱልኝ!” ብሎ ጮኸና ሰው እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ ሻርፑን አፉ ላይ አስሮ ወረደ። ገመዱን ከመሰላሉ አላቀቀው። የደረሱት ሰዎች ሪዞን ጎትተው አወጡት። አማቹ ግን ለመውጣት ሁለት እርከን ሲቀረው እጁ ለቀቀ።

እሱንም በሕይወት አወጡት፤ ሳንባው ግን ተቃጥሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሪዞ ከሆስፒታል አልጋው ተነሣ። ከጎኑ ከተኛው በሽተኛ ምላጭ ለምኖ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ያለ ሳሙና ተላጨ። አገጩ ደማ። ወደ አማቹ ክፍል ሲሄድ አማቱን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው። አላወቁትም። ሚስቱን እየተቆጡ ነበር፦

“አንቺ ልጅ አልሰጠሽኝ፤ አሁን ደግሞ ያለኝን አንድ ወንድ ልጅ…”

“እማማ፣ እሷን ተዉአት” አለ ሪዞ። ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው አዩት። “መካኑ እኔ ነኝ። ጭንብሉም እንደሚያስገባ አውቅ ነበር። ዋሽቼ ነው።”

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሚስቱ ግን አላለቀሰችም፤ አላመሰገነችውምም።

“አሁን ነው የምትናገረው?” አለችው። “ዐሥራ አንድ ዓመት አፍ አልነበረህም?”

እጁ ጺሙን ሊዳብስ ሄዶ የደማ አገጩን ነካ።

አማቹ ከሁለት ወር በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። ደረጃ መውጣት አይችልም፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ አጠገቡ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ። የሪዞ ሚስት ወንድሟን ለማስታመም እናቷ ቤት ገባች። ሪዞ ብቻውን ቀረ። ፋብሪካው ከጉድጓዱ አንሥቶ ጨው ወደ ተነሰነሰበት ቆዳ መጋዘን አዛወረው፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው የለም።

ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወደ አማቱ ቤት ሦስት ፎቅ የሚወጣው እሱ ነው። አማቹ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ “ጋሼ… ተቀመጥ እንጂ” ይለዋል። ይህ ይቅርታ ከስድብ ይብስበታል። ባዶውን ሲሊንደር አንሥቶ ይወጣል።

አንድ ቀን በር ላይ ሚስቱን፣ “ነገም ብመጣስ?” አላት።

“አሁን ያመጣኸው የሚያልቀው ሐሙስ ነው” አለችና ባዶውን ሲሊንደር በእግሯ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችለት።

ጎንበስ ብሎ አነሣው። በሩ ተዘጋ።